ስማቸው በረዳት አፍ፣ ታሪካቸው በጓዳ

ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ሀብተ ጊዮርጊስ ወራጅ አለ!» አሉ። ረዳቱ በሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አስቆመላቸው። ሴትየዋ ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ። በሩ ተዘግቶ መንገድ እንደጀመርን ረዳቱን «ለመሆኑ ሀብተ ጊዮርጊስ ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ የምቀልድበት መስሎት ፊቴን አየት አደረገና፣ «ድልድይ ነዋ ጋሼ!» አለኝ። ታክሲው በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁን የምወቅስበት ነገር አጣሁ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ለእሱ ድልድይ ናቸው፤ ለተሳፋሪውም እንደዚያው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ከምኒልክ ቤት የገቡ፣ «አባ መላ» እየተባሉ የሚጠሩ፣ በ1900 ዓ.ም. አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ስትሾም የጦር ሚኒስትርነቱን የያዙ፣ በ1909 ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱና ሰገሌ ላይ ደም ሲፈስ የመንግሥቱ ሚዛን በእጃቸው የነበረ፣ በ1919 እስኪያርፉ ድረስ ራስ ተፈሪ እንኳ ሳያማክሯቸው ትልቅ ነገር የማይደፍሩ ሰው ዛሬ የታክሲ መውረጃ ሆነዋል።

መርሳት ብለን የምናስበው ብዙ ጊዜ ዝምታን ነው። ስሙ አይነሣም፣ መቃብሩ ሣር ይበቅልበታል፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ያበቃል። የአዲስ አበባ መርሳት ግን ከዚህ ይለያል። ስሙ ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻል። ረዳት ይጠራዋል፣ ፖስተኛ ይጽፈዋል፣ ቀጠሮ የያዙ ፍቅረኞች «እዚያ ጋ እንገናኝ» ይሉበታል። የሌለው ሰውየው ነው፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አሽከሮቹ፣ በግቢው የተወለዱትና በግቢው የሞቱት የሉም። ስሙ ሲደጋገም የታወቀ ይመስለናልና፣ መርሳታችንን እንኳ ሳናስተውል እንኖራለን።

ከጦር ሰፈር የተወለደች ከተማ

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ምስክር ነው። ሰፈረ፣ አረፈ፣ ድንኳን ተከለ ከማለት የመጣ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ንጉሡና እቴጌይቱ መካከሉን ያዙ፤ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው ዙሪያውን ተመሩ። እያንዳንዱ መኰንን ወታደሩን፣ ገባሩን፣ ጠጅ ጣዩንና ፈረስ ጠባቂውን ይዞ ኮረብታ ላይ ሰፈረ። በሰፈሮቹ መካከል ወንዝና ጫካ ነበር። የከተማዋ ካርታ የጦር ሰፈር ካርታ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬም ስንጠራው የምንውለው ያንኑ አሰፋፈር ነው።

ስለዚህ እነዚህ ስሞች በመታሰቢያነት የተሰጡ አይደሉም። አደባባይ የሚመርቅ ኮሚቴ አልተሰበሰበም። ሕዝቡ «ወዴት ትሄዳለህ?» ሲባል «ወደ ደጃች ውቤ ሰፈር» ብሎ የመለሰው ደጃች ውቤ እዚያ ስለነበሩ ብቻ ነው። ስሙ አድራሻ ሆኖ ተወለደ። አድራሻ ደግሞ ሰውየው ቢሞትም ሥራውን ያውቃል፤ ታሪክ ባይጨመርበትም ይሠራል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

ደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ዘውዲቱ ምኒልክ ራስ ጉግሣ ወሌን ከማግባታቸው በፊት ባላቸው ነበሩ። ዘውዲቱ ኋላ ንግሥተ ነገሥታት ሆነው ከ1909 እስከ 1922 ነግሠዋል። የንግሥት የቀድሞ ባል ስም የያዘው ሰፈር ግን ከጣሊያን መውጣት በኋላ በሌላ ነገር ገነነ። አዝማሪው፣ መጠጥ ቤቱ፣ የሌሊቱ ጭፈራ መጣ፤ ሕዝቡም «ውቤ በረሃ» አለው። ያንን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ስለ ውቤ በረሃ ሌሊቶች ሲያወሩ ይመሻል። ስለ ውቤ ጠይቋቸው፤ ወሬው ያጥራል።

የደጃዝማች ባልቻ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ቆስለውና ተሰልበው የተገኙ፣ በቤተ መንግሥት ያደጉ፣ ዓድዋ ላይ በመድፍ የገነኑ፣ ሲዳሞን የገዙ ናቸው። በስተርጅና ጣሊያን ዳግመኛ ሲመጣ በ1929 ሲዋጉ ወደቁ። ልጅ መውለድ የማይችሉ ሰው ስለነበሩ ስማቸውን የሚጠራ ዘር የላቸውም። ዛሬ ግን ስማቸው የሩሲያ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ባገለገሉበት ሆስፒታል በር ላይ ተጽፏል፤ በየቀኑም በካርድ ላይ ይታተማል። «ባልቻ ተወለድኩ» የሚል አዲስ አበቤ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ልጅ ላልነበራቸው ሰው ከተማው ልጅ ሆነላቸው። ልጅ ለነበራቸው ለብዙዎቹ ግን አልሆነም።

የተሰበረው ባቡርና ያልተሰበረው ስም

ሰባራ ባቡር የሚባለውን ሰፈር ስም ለውጭ እንግዳ ብትተረጉሙለት ሐዲዱ የት እንዳለ ይጠይቃችኋል። ሐዲድ የለም። ባቡሩ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ለአጤ ምኒልክ ያስመጣው ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ነው። ሰርኪስ በሐረር ከራስ መኰንን ጋር የሠራ፣ የጦር መሣሪያ ከውጭ በማስመጣት የታወቀ ሰው ነበር። ያንን የብረት ክምር ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ተራራ ድረስ በሰው ጉልበት እየገፉና እየጎተቱ ማምጣት ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው። የከተማው ሰው ከዚያ በፊት ያለ በሬና ያለ በቅሎ የሚሄድ ነገር አላየምና «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ተገርሞ ወጣ። መኪናው አንድ ቀን ተሰብሮ ቆመ፤ የቆመበት ቦታም ሰባራ ባቡር ሆኖ ቀረ።

የሰርኪስ ልጅ አቬዲስ ቴርዚያን በበኩሉ በኢትዮጵያ የነበሩትን አርመኖች ታሪክ በአእምሮው የያዘ ሕያው መዝገብ ሆኖ እስከ ከፍተኛ ዕድሜ ኖረ። ተመራማሪዎች እየመጡ ጠየቁት፣ ጻፉለት። በዚህ የተነሣ የሰባራ ባቡርን አመጣጥ ዛሬ በእርግጠኝነት ማውራት ችለናል። አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የአርመኑ ልጅ «ቴርዚያን» ነው፤ የልጅ ልጁም «ቴርዚያን» ይባላል። ስሙን ያየ ሰው ክሩን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። የእኛ ክር ግን ሦስተኛው ትውልድ ላይ ይበጠሳል።

ሦስተኛው ትውልድ ላይ «ወራጅ አለ»

ይህ ጉዳይ ስለ ቅርስ ሲወራ ብዙም አይነሣም፤ ለእኔ ግን የችግሩ ሥር እዚህ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ ስወልድ የእኔ ስም የአባት ስም ይሆናል። የአባቴ ስም የአያት ስም ሆኖ በመታወቂያው ሦስተኛ መስመር ላይ ይቀመጣል። የልጅ ልጅ ሲመጣ አባቴ ከወረቀቱ ይወርዳል፤ ወራጅ አለ እንደማለት ነው። ስለዚህ የደጃዝማቹ የልጅ ልጅ ልጅ በቅድመ አያቱ ሰፈር መካከል ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ፣ በኪሱ ያለው መታወቂያ ከሰፈሩ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጎረቤቱም አያውቀውም፤ እሱም ራሱ ላያውቅ ይችላል።

የራስ ካሳ ኃይሉን ቤተሰብ ውሰዱ። ራስ ካሳ በዘር ሐረግ ለዙፋኑ የቀረቡ፣ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆነው የኖሩ መስፍን ነበሩ። ሦስት ልጆቻቸው፣ ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን፣ በአርበኝነት ሲታገሉ በታኅሣሥ 1929 በጣሊያን እጅ ተገደሉ። የተረፉት ልዑል ራስ አሥራተ ካሳ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ከረሸናቸው ባለ ሥልጣናት አንዱ ሆኑ። የአሥራተ ልጅ አስፋወሰን ለትምህርት የሄዱበት ጀርመን ቀሩ፤ በጀርመንኛ እየጻፉ ታዋቂ ደራሲ ሆኑ። ጀርመኖች ግን የሚያውቋቸው «አሥራተ» ብለው ነው፤ የአባታቸው ስም እዚያ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። «ካሳ» በመጽሐፎቻቸው ሽፋን ላይ የለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «ራስ ካሳ ሰፈር» አለ፤ ከአሥራተም ከአስፋወሰንም ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ስሙ በአንድ አህጉር፣ ቤተሰቡ በሌላ።

አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ታያላችሁ። እዚያ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሙሉ ይላል። ሰውየው የአያቱን ስም ይጽፋል፤ ስሙም ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። ልጁም የልጅ ልጁም በዚያው ስም ይጠራሉ። አያትየው አገራቸው ላይ ከወረቀት ወርደው፣ ዋሽንግተን ላይ የማያውቁት ጎዳና ላይ ቤተሰብ መሠረቱ። የእኛን አያት ለትውልድ ያቆየልን የሰው አገር ቅጽ መሆኑ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

አባቶቻችን ታዲያ ያለ ቤተሰብ ስም እንዴት አስታወሱ? ይቆጥሩ ነበር። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በመንዝ ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ትውልዱን በቃሉ ይዘልቃል። ጋብቻ እንዳይፋለስ አንድ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ርስት ነው። ከአቅኚው አባት ጀምሮ ያለውን ሐረግ መቁጠር ያልቻለ ሰው በዳኛ ፊት መሬቱን ያጣል። ስለዚህ አያትን ማወቅ እርሻ እንደማረስ ያለ ሥራ ነበር፤ ሲመሽ ምድጃ ዳር ለልጅ የሚነገረው ተረት ብቻ አልነበረም፣ የንብረት ማስረጃም ጭምር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ የማስረጃ ሥራ በአንድ ቀን ፋይዳውን አጣ። ሰባት ቤት ቆጥሮ ምን ያገኛል? ቆጠራው የባህል ጌጥ ሆኖ ቀረ፤ ጌጥ ደግሞ ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ነው።

ሐምሌ 19 እና «ትርፍ ቤት»

የከተማው ቀን የመጣው ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ የቀረውን አስረከበ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ የአዲስ አበቤ ቋንቋ ነው።

ይህን አዋጅ የግፍ ቀን ብቻ አድርጎ ማውራት ሐቅ አይደለም። ያን ቀን ከተማው በደስታ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። በአንድ ጌታ ግቢ ውስጥ በጭቃ ክፍል ሲኖሩ፣ ኪራይ ሲዘገይ ዕቃቸው ውጭ ሲወረወር የኖሩ ሰዎች ጣራ አገኙ፤ ኪራያቸውም ቀነሰ። የትናንቱን ባላባት ቤት ናፍቆ የትናንቱን ተከራይ እንባ መርሳት ሌላ ዓይነት መርሳት ነው።

ነገር ግን አዋጁ ከንብረቱ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ቆረጠ። ቤቱን የሚያውቀው ቤተሰብ ከቤቱ ተለየ። ማን አሠራው፣ የትኛው የሐረር ወይም የሕንድ አናጢ በረንዳውን ጠረበው፣ እልፍኙ ውስጥ ምን ውል ተፈረመ የሚለውን የሚያውቁ ሰዎች ግቢውን ለቀው ወጡ። ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ ወይም አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ዘመን የአያት ስም መጥራት አደጋ ነበር። ዘውድና ካባ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ በሣጥን ሥር ተቀበረ ወይም በሌሊት ተቃጠለ። ልጆች «የማን ልጅ ነህ?» ሲባሉ እንዳይመልሱ ተመከሩ። አንድ ትውልድ ስለ ቤተሰቡ ዝም ማለትን ለደኅንነቱ ሲል ተማረ፤ የሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ዝምታውን ወርሶ ምክንያቱን ሳይወርስ ቀረ።

የውጭ ሰዎች ቤተሰቦችም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠማቸውም፤ የእነሱ መቆረጥ እንዲያውም ቀደም ብሏል። በአራዳ የገዘፈው የንግድ ቤት የሕንዶቹ የመሐመድአሊ ነበር። ከጉጃራት መጥተው በሐረርና በአዲስ አበባ ከፍተኛ ንግድ የዘረጉ፣ ጨርቁንም ብርጭቆውንም ቆርቆሮውንም ያስገቡ ሰዎች ናቸው። በ1929 ጣሊያኖች የእንግሊዝ ወገን ናቸው ብለው ጠርጥረው ከአገር አባረሯቸው። «መሐመድአሊ ቤት» የሚለው ስም በሽማግሌ አፍ ላይ ቀረ፤ ቤተሰቡ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።

ሐረር ላይ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነገር አለ። ጀጎል ውስጥ ያለውን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ሁሉም «ራምቦ ቤት» ይለዋል፤ ለፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ። ራምቦ ሐረር ኖሯል፣ ነግዷል፣ ያ እውነት ነው። ያረፈው ግን በ1884 ነው፤ ቤቱን ከዚያ በኋላ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ገጣሚው ያልተኛበት ቤት በገጣሚው ስም ተጠገነ፣ ሙዚየም ሆነ፣ ጎብኚ ይመጣበታል። ባለ ቤቱ ግን ከበሩ ላይ የለም። ስም ራሱ አንዳንዴ ትክክለኛውን ቤተሰብ ገፍቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራዳ ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን ለማየት ሄጄ ነበር። ሰገነቱ ዞሮ ዞሮ ይከባል፤ እንጨቱ ሲረገጥ ያቃስታል። የድሮው አዳራሽ በቺፑድ ተከፋፍሎ አምስት አባወራ ይዟል። በደረጃው ሥር ማድቤት፣ በረንዳው ላይ የታጠበ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የስንት ዓመት ጋዜጣ ተለጥፏል። አንዲት አሮጊት ቡና እያፈሉ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ የቤቱ ባለቤት ማን ነበር?» አልኳቸው።

«የቱን ነው የምትጠይቀኝ ልጄ? የበፊቱን ነው የእኛን?» አሉኝ።

መልሱ መላ አሳቤን ገለበጠው። እኔ የሄድኩት የበፊቱን ፍለጋ ነበር። እሳቸው ግን በዚያ አዳራሽ ቁራጭ ውስጥ ልጆች ወልደዋል፣ ባል ቀብረዋል፣ በደርግ ዘመን የወጣ ልጅ ሳይመለስ ሲቀር ሌሊቱን በር ላይ ተቀምጠው ነግቶባቸዋል። ቤቱን ባላባቱ ከኖሩበት ይልቅ እሳቸው የኖሩበት ዘመን ይረዝማል። ኮርኒሱ ሲያፈስ ላስቲክ የዘረጉ፣ በሩ ሲነቀል ማጠፊያ የገዙ እሳቸው ናቸው። ስማቸው ግን በየትኛውም የቅርስ ዝርዝር አይገባም። ስለ አሮጌ ቤት በምንጽፈው ሁሉ እነሱ «ተከራዮች»፣ ከዚያም ባሰ «ቅርሱን ያበላሹ ነዋሪዎች» ሆነው ይመጣሉ።

ከአንድ ቤት ጋር የተያያዘ ቤተሰብ ስንል እንግዲህ ቢያንስ ሁለት ማለታችን ነው። አንዱ ያሠራው፣ ሌላው ያኖረው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ታሪክ እግሩ አንድ ነው።

ዕድሩ ሲበተን

ከየካቲት 2016 ጀምሮ ፒያሳ ላይ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ላይ የኮሪደር ልማቱ ዶዘር ገብቷል። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሷል። ነዋሪው ወደ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ሄዷል። ሽንት ቤት ለሃያ አባወራ የነበረበት፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ምድጃ ያጠፋበት የነበረ ሰው የራሱ ቁልፍና የራሱ ቧንቧ ሲያገኝ ቢደሰት ማን ይፈርድበታል? ከተማ አይታደስ የሚል ክርክር የለኝም። ካዛንቺስ ራሱ በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ስም የመጣ ነው፤ አዲስ አበባ ሁልጊዜ በአሮጌ ላይ አዲስ ስትደርብ የኖረች ከተማ ናት።

የምፈራው ሌላ ነው። ሰፈር ሲነሣ ከቤቱ ቀድሞ የሚፈርሰው ዕድሩ ነው። ዕድር ድንኳንና ብረት ድስት ብቻ አይደለም፤ መዝገብ ነው። ማን መቼ እንደገባ፣ ለማን ልቅሶ እንደተቀመጠ፣ ማን ለማን ዘመድ እንደሆነ በጸሐፊው ደብተር ላይ በመስመር በመስመር ተጽፏል። ያ ደብተር በየትኛውም ቤተ መዛግብት አልገባም። አባላቱ በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ ጸሐፊው ቤት ይቀራል፤ ጸሐፊው ሲያርፉ ደግሞ ልጆቻቸው ከአሮጌ ወረቀት ጋር ይጥሉታል።

ሕግ የለም አይባልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ የያዘ ሰው እንዲጠብቀው ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ማፍረስንና መለወጥንም ይከለክላል። ከተማው የተረፉ ቤቶችንም አውቆ ለሥራ ያዋለበት ጊዜ አለ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት በ1979፣ በከተማዋ መቶኛ ዓመት፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 እሳት ከበላው በኋላም ዛሬ እንግዳ ይቀበላል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ግድግዳውን ነው። ግድግዳ የተጠበቀለት ቤት ሁሉ ታሪኩ ተጠብቆለታል ማለት አይደለም። በብዙ አሮጌ ቤት በር ላይ የምታዩት ሰሌዳ የአንድ ሰው ስም፣ ማዕረግና «ቅርስ ነው» የሚል ቃል ነው። ያ ረዳቱ ከሚጠራው ብዙ አይበልጥም፤ ልዩነቱ ረዳቱ በነፃ መጥራቱ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። ለሰፈሮቻችን የጎደላቸው ስም አይደለም፤ ስም ሞልቷል። የጎደለው ስሙን ከቤተሰብ፣ ቤተሰቡን ከቤቱ የሚያያይዝ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ከተማው ይህን ለመሥራት ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። ሰፈር ከመነሣቱ በፊት ካሳ ለመክፈል የሚዞሩት ሠራተኞች የእያንዳንዱን ቤት ስፋት በሜትር ይለካሉ፤ እግረ መንገዳቸውን «እዚህ ስንት ዓመት ኖራችሁ? ከእናንተ በፊት ማን ነበር?» ብለው ሁለት ጥያቄ ይጨምሩ። የዕድሮቹን ደብተር ኮፒ ወረዳው ይያዝ። በሚተከለው አዲስ ሰሌዳ ላይ ያሠራውም የኖረበትም ይጻፍ።

የተቀረው የእኛ ነው። ታሪኩ በጓዳችን፣ በቁም ሣጥኑ አናት ላይ ባለ አልበም ውስጥ ተቀምጧል። በካባ የተነሡ አያት ይሁኑ፣ በቀበሌ ቤት በረንዳ ላይ ልጅ ታቅፈው የተነሡ እናት፣ ልዩነት የለውም። የፊታችን እሑድ ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጋር ቁጭ በሉ። ፎቶግራፉን አንድ በአንድ ከላስቲኩ አውጡ፣ ገልብጡት፣ በጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ ማን እንደሆኑ፣ የት ሰፈር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ሦስት መስመር ይበቃል። የሚነግራችሁ ሰው ካለፈ በኋላ ግን ሦስቱን መስመር የሚሞላላችሁ አታገኙም።